የአስቄጥስ ሽማግሌዎችና አንድ ልጅ

አባ መቃርስ ከመመንኮሱ በፊት ግመል ነጂ ነበር። የሚጭነውም ናትሮን ነው። ከዓባይ ወንዝ በስተ ምዕራብ፣ በሊቢያ በረሃ ጫፍ፣ ከባሕር ወለል በታች የሰመጠ ረጅም ሸለቆ አለ፤ በውስጡ ተርታቸውን የተኙ ሐይቆች በበጋ ሲሸሹ ዳር ዳሩ ላይ ነጭ ጨው ትተው ይሄዳሉ። ግብፃውያን ይህን ጨው ከፈርዖኖች ዘመን ጀምሮ አስከሬን ለማድረቅ፣ ልብስ ለማጠብ፣ ብርጭቆ ለማቅለጥ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ሸለቆው ዛሬ ዋዲ ናትሩን ይባላል። እኛ በስንክሳርና በዜና አበው የምናውቀው ግን አስቄጥስ በሚለው ስሙ ነው።

መቃርስ የተወለደው በ300 ገደማ ነው (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ግመሉን ትቶ በአንዲት መንደር አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ብቻውን ተቀመጠ። ሰሌን እየታታ ቅርጫት ይሠራል፤ አንድ ደግ ምእመን ወስዶ ይሸጥለታል። በዚህ መካከል ከመንደሩ ልጃገረዶች አንዷ አረገዘች። ከማን ነው ብለው ሲያፋጥጧት ከዚያ ባሕታዊ ነው አለች። ሰዎቹ መጥተው ጎትተው አወጡት፤ ጥላሸት የጠገበ ድስትና የሸክላ ስባሪ አንገቱ ላይ አንጠልጥለው መንደር ለመንደር እያዞሩ ደበደቡት። ወላጆቿም ልጃችንን እንደሚቀልብ ዋስ ካልጠራ አንለቀውም አሉ፤ ያ ቅርጫት ሻጭ ዋስ ሆነው። መቃርስ አንድም ቃል አልተከራከረም። ጎጆው እንደገባ ያሉትን ቅርጫቶች በሙሉ ለዋሱ አስረከበና ሽጠህ ለሚስቴ ስጥልኝ አለው። ከዚያ ወዲያ፣ እንግዲህ ሚስት አግኝተሃልና እጅህን አፍጥን እያለ ራሱን እየገሠጸ ሌሊቱንም ጭምር ይታታ ጀመር።

የመውለጃዋ ቀን ሲደርስ ልጅቱ ለቀናት አማጠች፤ አልተገላገለችም። በመጨረሻ ያን ሰው በሐሰት እንደወነጀለችው፣ የልጁም አባት ሌላ እንደሆነ ተናገረች። መንደርተኛው ደንግጦ ይቅርታ ሊጠይቅ ተነሣ። ዋሱ ደስ ብሎት ቀድሞ ሮጠና ምሥራቹን ነገረው። መቃርስ ይህን ሲሰማ ተነሥቶ ጠፋ፤ ድሮ ናትሮን ወደሚጭንበት ሸለቆ ገባ። ጊዜው 330 ገደማ ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ።

ሲደበድቡት ከቦታው ያልተነቃነቀ ሰው ሊያከብሩት ሲመጡ ነው የሸሸው። የአስቄጥስ ታሪክ ከሌላ ከምንም ነገር ሳይሆን ከዚህ ሽሽት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት በሸለቆው የተደረገው ነገር ሁሉ የዚህ ሽሽት ዝርዝር ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። በማቴዎስ ወንጌል በ18ኛው ምዕራፍ፣ ማን ይበልጣል ብለው የጠየቁትን ደቀ መዛሙርት ጌታ አንድ ሕፃን በመካከላቸው አቁሞ እንዲመለሱና እንደ እርሱ እንዲሆኑ ያዛቸዋል። ትእዛዙ ሲሰብኩት ቀላል ነው። ጺሙ የወጣ፣ ጥፋት ያየ፣ ስም ያተረፈ ሰው በምን መንገድ ተመልሶ ሕፃን ይሆናል? አስቄጥሶች ይህን ጥያቄ በስብከት አልመለሱትም፤ በእጃቸውና በእግራቸው ሞከሩት።

መቃርስ ራሱ በሸለቆው ዐሥር ዓመት ሳይሞላው የሽማግሌ ልብ ያለው ልጅ የሚል ቅጽል ወጣለት። ስሙ እየገነነ ሲሄድ ሰዎች እየተንቀጠቀጡ እንደ ቅዱስ ይቀርቡት ጀመር። እንዲህ ለቀረበው ሰው መልስ አይሰጥም ነበር ይላሉ። አንዱ ግን መጥቶ፣ አንተ ግመል ነጂ ሳለህ ናትሮን እየሰረቅህ ስትሸጥ ጠባቂዎቹ አልገረፉህምን ብሎ ሲያፌዝበት ፊቱ ይበራና የጠየቁትን ሁሉ ደስ ብሎት ይመልሳል። አንድ ቀን ደግሞ ወደ በኣቱ ሲመለስ ሌባ ንብረቱን በእንስሳ ላይ ሲጭን አገኘው። እንደ መንገደኛ ቀረበና አብሮ ጫነለት፤ ሸኘውም። ድሮ ጭነት አስተካክሎ መጫን ሥራው ስለነበር ሳያግዘው መቆም ያቃተው ይመስለኛል።

በ350ዎቹ መጨረሻ ቁመቱ በጣም ያጠረ የዐሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ወደ ሸለቆው መጣ። ዮሐንስ ነው፤ እኛ ዮሐንስ ሐጺር የምንለው። ወጣት በነበረበት ጊዜ፣ እንደ መላእክት ያለ ሥራና ያለ ሐሳብ እግዚአብሔርን ላገለግል እሻለሁ ብሎ ለታላቅ ወንድሙ ነገረውና ልብሱን ጥሎ በረሃ ገባ። ሳምንት ቆየ። ከዚያ ተመልሶ በሌሊት በሩን አንኳኳ። ወንድሙ ከውስጥ ማነህ አለው፤ ዮሐንስ ነኝ ሲለው፣ ዮሐንስማ መልአክ ሆኗል፣ ከሰው መካከል የለም አለና እስኪነጋ ውጭ አሳደረው። ጠዋት ከፍቶ፣ ሰው ከሆንክ እንግዲህ ለመብላት መሥራት አለብህ አለው። ዮሐንስም እግሩ ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀ። ይህን የሚተርኩልን ገዳማውያኑ ራሳቸው ናቸው፤ በገዛ ቅዱሶቻቸው መሳቅ አይፈሩም ነበር።

ዮሐንስ በይበልጥ የሚታወቀው በደረቁ እንጨት ነው። መምህሩ አንድ ደረቅ እንጨት አሸዋ ላይ ተክሎ ፍሬ እስኪያፈራ በየቀኑ ውኃ አጠጣው አለው። ውኃው ሩቅ ነው፤ በምሽት ሄዶ ሲነጋ ይመለሳል። በሦስተኛው ዓመት እንጨቱ ለምልሞ አፈራ፤ መምህሩ ፍሬውን ቤተ ክርስቲያን አምጥቶ ይህ የመታዘዝ ፍሬ ነው ብሎ ለወንድሞች አደለ። በዚያው ዘመን በግብፅ የነበረው ዮሐንስ ካስያን ግን ተመሳሳይ ታሪክ ስለሌላ ዮሐንስ፣ ስለ ሊቆጶሊሱ፣ ይነግረናል። በዚያኛው ትረካ ወጣቱ አንድ ዓመት ሙሉ አጠጣ፤ ሽማግሌው መጥቶ ሥር ሰዶ እንደሆነ ጠየቀው፤ አላውቅም ሲለው እንጨቱን ነቅሎ ወረወረው። አለቀ። አበባ የለም፣ ፍሬ የለም። እኔ፣ ስንክሳራችን ጥቅምት 20 የሚዘክረውን ባለ ፍሬውን እያከበርኩ፣ ለልቤ የሚቀርበኝ ይህኛው ነው። ልጅ አባቱ ውኃ ቅዳ ሲለው እንጨቱ ይጸድቅ አይጸድቅ እንደሆነ አያሰላም።

ከእነዚህ ሁሉ ግን ከሩቅ የመጣው ሙሴ ነበር። ጳላድዮስ በ420 ገደማ በጻፈው የመነኮሳት ታሪክ፣ ሙሴ በትውልዱ ኢትዮጵያዊ፣ መልኩ ጥቁር፣ የአንድ ሹም አገልጋይ እንደነበረና በምግባሩ ክፋትና በዘረፋው ጌታው እንዳባረረው ይገልጻል። ኢትዮጵያዊ የሚለው ስም ያን ጊዜ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ይጠቀልል ነበር። ሙሴ የሽፍቶች አለቃ ሆነ። አንድ እረኛ ከውሾቹ ጋር ሆኖ የሌሊት ሥራውን ቢያሰናክልበት ሊገድለው ፈለገ፤ እረኛው ከዓባይ ማዶ መሆኑን ሲሰማ ወንዙ ሞልቶ ሳለ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ ልብሱን በራሱ ላይ አስሮ ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው ተደብቆ ቢያመልጠው አራት ምርጥ በጎች አርዶ፣ በገመድ አስሮ፣ እየጎተተ መልሶ ዋኘ። ሥጋውን በላ፣ ቆዳውን ሸጦ ጠጣበት፤ ከዚያ ብዙ መንገድ ተጉዞ ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ።

ይህ ሰው ነው በኋላ አስቄጥስ የገባው። ጉልበቱ ግን አብሮት ገባ። አራት ሌቦች ማንነቱን ሳያውቁ በኣቱን ሰብረው ቢገቡ ሁሉንም አስሮ እንደ ጭድ ሸክም በጀርባው ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን አደረሳቸውና፣ እኔ ማንንም መጉዳት አልተፈቀደልኝምና ምን ላድርጋቸው ብሎ ሽማግሌዎቹን ጠየቀ። ሌቦቹ ሙሴ መሆኑን ሲያውቁ እነርሱም መነኮሱ። ሥጋው ግን አላርፍለት አለ፤ የድሮው ምኞት በሌሊት እየመጣ ያቃጥለዋል። ወደ ካህኑ ወደ አባ ኢስድሮስ እየሮጠ አልቻልኩም ይለዋል፣ ኢስድሮስ ያጽናናዋል፣ ተመልሶ ይሄዳል። ጾመ፤ ቆሞ አደረ፤ አልበረደለትም። በመጨረሻ ያገኘው መላ ቀላል ነው፦ ሌሊት ሌሊት ተነሥቶ፣ አርጅተው ውኃ መቅዳት ያቃታቸውን አባቶች በኣት እየዞረ፣ ሳያውቁ እንስራቸውን ወስዶ ይሞላላቸው ጀመር። ውኃው ለአንዱ በኣት ቅርብ፣ ለአንዱ እስከ አምስት ማይል ድረስ ሩቅ ነበር። ድሮ በሌሊት ለዝርፊያ የሚወጣው ሰው አሁንም በሌሊት ነው የሚወጣው። በቤታችን ውኃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ ለምናውቅ ለእኛ፣ የሽፍቶቹ አለቃ የልጅ ሥራ መያዙን ማብራራት አያስፈልግም።

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ወንድም በድሎ ተገኘና ጉባኤ ተቀመጠበት። ሙሴን አስጠሩት፤ እምቢ አለ። ካህኑ ሕዝቡ ሁሉ እየጠበቀህ ነው ብሎ ላከበት። ሙሴ የሚያፈስ እንስራ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ምንድን ነው ይህ ሲሉት፣ ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ እኔ አላየውም፤ ዛሬ በሌላው ሰው በደል ልፈርድ መጣሁ አላቸው። ወንድሙን ይቅር ብለው አሰናበቱት። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ሹም ዝናውን ሰምቶ ሊያየው አስቄጥስ መጣ። ሙሴ ወደ ረግረጉ ሲሸሽ መንገድ ላይ ተገጣጠሙ። የአባ ሙሴ በኣት የት ነው ብለው ጠየቁት። ከእርሱ ምን ትሻላችሁ፣ ሞኝ ሰው ነው አላቸውና አለፈ። ሹሙ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ነገሩን ሲያወራ፣ እንዲህ ያላችሁ ሰው ምን ይመስላል አሉት፤ አሮጌ ልብስ የለበሰ፣ ረጅም፣ ጥቁር ሽማግሌ ሲል ሁሉም ገባቸው።

ከሙሴ ታሪክ አንዱን ሳነብ ግን ሁልጊዜ እቆማለሁ። ቅስና ሲሾም ነጭ ልብስ አለበሱት። ሊቀ ጳጳሱ እነሆ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆንክ ቢለው፣ በውጭ እንጂ በውስጥስ ብሎ መለሰ። ከዚያ ሊፈትኑት ፈልገው ካህናቱ ወደ መቅደስ ሲገባ እንዲያባርሩት ተነገራቸው፤ በቆዳው ቀለም እየሰደቡ አስወጡት። ሙሴም በዚያው ስድብ ራሱን እየሰደበ ወጣ። ጸሐፊዎቹ ይህን የትሕትናው ማረጋገጫ አድርገው አስቀምጠውታል፤ ትሕትናውንም አልክድም። ፈተናውን የፈጠሩት ሰዎች ግን በዚያ ቀን ከእርሱ የተማሩት ነገር መኖሩን መጽሐፉ አይናገርም። ራስን ማዋረድና ሌላውን ማዋረድ አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ማሠልጠኛ ማድረግ በገዳምም በቤትም የኖረ ክፉ ልማድ ነው።

ወደ ልጁ ልምጣ። ካርዮን የሚባል ግብፃዊ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ትቶ አስቄጥስ መንኩሶ ነበር። ከጊዜ በኋላ በግብፅ ረሃብ ገባ። ሴትዮዋ መላ ሲያጥራት ልጆቿን ይዛ ሸለቆው ድረስ መጣች። ሴት ከመነኩሴ ጋር የምትነጋገረው ርቃ ተቀምጣ ነውና ከሩቅ ሆና፣ አንተ መንኩሰሃል፣ ልጆችህን ማን ያብላቸው አለችው። ወደ እኔ ላኪያቸው አላት። ሂዱ ወደ አባታችሁ አለቻቸው። መንገድ ላይ ሴቷ ልጅ ወደ እናቷ ዞራ ተመለሰች፤ ወንዱ ወደ አባቱ ቀጠለ። ካርዮን፣ መልካም፣ አንቺ ሴቷን ይዘሽ ሂጂ፣ እኔ ወንዱን እወስዳለሁ አለ። እናትና ልጅ ከዚህ በኋላ በታሪኩ ውስጥ አይታዩም። ረሃቡ ወደነበረበት አገር ተመለሱ፤ ለዚያች ሴት መታሰቢያ የሚሆን አንድ መስመር እንኳ ማንም አልጻፈም።

ልጁ ዘካርያስ ይባላል። ሽማግሌዎች ብቻ በሚኖሩበት ሸለቆ አደገ። ሁሉም የካርዮን ልጅ መሆኑን ያውቃል። ከፍ እያለ ሲሄድ ግን፣ መልከ መልካም ወጣት በመነኮሳት መካከል ምን ያደርጋል የሚል ማጉረምረም ተነሣ። አባቱ ተነሥ እንሂድ አለው። ልጁ፣ እዚህ ልጅህ መሆኔን ሁሉም ያውቃል፤ ሌላ ቦታ ግን ማን ያውቅልናል አለ። ቢሆንም በላይኛው ግብፅ ወዳለው ወደ ቴባይድ ሄዱ። እዚያም ሐሜቱ ተከተላቸው፤ ተመለሱ። አስቄጥስ ሲደርሱ ማጉረምረሙ እንደገና ጀመረ። ዘካርያስ ወደ ናትሮኑ ሐይቅ ወረደ፤ ልብሱን አውልቆ እስከ አፍንጫው ድረስ ገባና መታገሥ እስከሚችለው ድረስ ቆየ። ሲወጣ ቆዳው ለምጽ እንደያዘው ሰው ሆኖ ነበር፤ አባቱ እንኳ ያወቀው በጭንቅ ነው። በእሑዱ ቅዳሴ ለቁርባን ሲቀርብ አባ ኢስድሮስ፣ ያለፈው እሑድ ሰው ሆኖ ቆረበ፣ ዛሬ ግን መልአክ ሆኗል ብሎ መሰከረለት። የዛሬ አንባቢ እዚህ ላይ መሰቀቁ ትክክል ነው። የተናገሩት ሽማግሌዎች ናቸው፣ ቆዳውን የከፈለው ልጁ ነው።

ሽማግሌዎቹ ይህን ሳይረዱት አልቀሩም። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በገዳም ሥርዓት የተገለበጠ ነውና፤ ወጣቱ ቃል ስጡኝ እያለ ወደ አረጋውያን መሄድ ሲገባው አረጋውያኑ ወደ ወጣቱ ሄዱ። ታላቁ መቃርስ፣ ሸለቆውን የከፈተው ሰው፣ ዘካርያስን የመነኩሴ ሥራ ምን እንደሆነ ንገረኝ አለው። ልጁ አፍሮ እኔን ይጠይቁኛል ብሎ ቢያፈገፍግም መቃርስ ይህን እንድጠይቅህ የሚገፋፋኝ አለ ብሎ ጸና። የልጁ መልስ አጭር ነበር፦ በነገር ሁሉ ራስን ማስገደድ። አባ ሙሴም ምን ላድርግ ብሎ ጠየቀው። ዘካርያስ ከእግሩ ሥር ወደቀ፤ ከዚያ ቆቡን አውልቆ መሬት ላይ ጣለና ረገጠው፤ ሰው እንዲህ ካልተረገጠ መነኩሴ ሊሆን አይችልም አለ። ረጅሙ ጥቁር ሽፍታና የተቃጠለው ልጅ ፊት ለፊት ቆመው ይታዩኛል። ዘካርያስ ገና በወጣትነቱ ታመመ። ሊሞት ሲል ሙሴ አጠገቡ ተቀምጦ ምን ታያለህ አለው። ዝም ማለት አይሻልምን አባቴ ብሎ መለሰ። አዎን ልጄ፣ ዝም በል አለው ሙሴ።

መቃርስ በ390 ገደማ አረፈ። በዚያን ጊዜ ሸለቆው የግብፃውያን ገበሬዎች መንደር ብቻ መሆኑ ቀርቶ ነበር። ከቁስጥንጥንያ የመጣው ኤዋግርዮስ፣ በዘመኑ ከነበሩት ሊቃውንት አንዱ፣ ከአስቄጥስ ብዙም ባልራቀችው ኬልያ ይኖር ነበር። በአንድ ጉባኤ ላይ ሲናገር ካህኑ፣ አገርህ ብትሆን ጳጳስ በሆንክ ነበር፣ እዚህ ግን እንግዳ ነህ አለው። ኤዋግርዮስ ራሱን ነቅንቆ አንድ ጊዜ ተናግሬያለሁ፣ ሁለተኛ አልጨምርም አለና ዝም አለ። እንዲህ ያለውን ተግሣጽ ከማይማን ሰምቶ የሚውጥ ሊቅ ማግኘት በየትም ዘመን ብርቅ ነው።

ከእርሱም የሚበልጥ ሰው በ394 ገደማ መጣ። አርሳንዮስ በሮም የተወለደ፣ በንጉሠ ነገሥቱ በቴዎዶስዮስ ቤት የልጆቹ የአርቃዴዎስና የአኖሬዎስ መምህር የነበረ ነው። አንደኛው በምሥራቅ፣ ሌላኛው በምዕራብ የነገሡት በ395 ነው፤ መምህራቸው ያን ጊዜ አሸዋ ላይ ተቀምጦ ሰሌን ይታታ ነበር። ሲመጣ ወደ ዮሐንስ ሐጺር ወሰዱት። ሌሎቹ ለመብል ሲቀመጡ ዮሐንስ እርሱን ቆሞ ተወው፤ ቆይቶም ደረቅ ዳቦ አንስቶ ወረወረለት። አርሳንዮስ፣ ይህ ሰው ውሻ መሆኔን አውቆ ነው እንዲህ ያደረገው ብሎ በጉልበቱና በእጁ እየዳኸ ሄዶ በላ። ዮሐንስም ይህ መነኩሴ ይሆናል አለ። በቤተ መንግሥት ከእርሱ የሚያምር ልብስ የለበሰ እንዳልነበረ ሁሉ በአስቄጥስም ከእርሱ የከፋ የለበሰ አልነበረም። ሰሌን የሚያርስበትን ውኃ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚለውጠው፤ ሲሸት ለተቀባሁት ሽቶ ሁሉ ይህን ልክፈል ይል ነበር።

አንድ ቀን አንድ ግብፃዊ ገበሬ መነኩሴ ስለ ገዛ ሐሳቡ ሲያማክር አዩትና ተገረሙ። የሮማይስጥና የጽርዕ ትምህርት ጠንቅቀህ ስታውቅ እንዴት ይህን ባላገር ትጠይቃለህ አሉት። ትምህርቱን አውቃለሁ፣ የዚህን ሰው ፊደል ግን ገና አልቆጠርኩም አላቸው። የነገሥታት መምህር የቆሎ ተማሪ ሆነ።

የእርሱ ዝቅ ማለት ብቻውን አይበቃም ነበር፤ የሌሎቹም ደግነት ያስፈልግ ነበር። አርሳንዮስ በጉባኤ ሲቀመጥ በቤተ መንግሥት ልማዱ እግሩን በእግሩ ላይ ያነባብር ነበር። ለመነኩሴ ነውር ነው፤ ሊነግሩት ግን አፈሩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ እኔ እንደ እርሱ ልቀመጥ፣ እናንተ እኔን ገሥጹኝ አለ። ገሠጹት፤ ይቅርታ ጠየቀ። አርሳንዮስ ገባውና እግሩን ቀስ ብሎ አወረደ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ታሞ ለስላሳ መኝታና ትራስ አድርገውለት አንድ ሽማግሌ አይቶ ተሰናከለ፤ አርሳንዮስ እንዲህ ይተኛል ወይ አለ። ካህኑ አንተ በመንደርህ ምን ነበርክ ብሎ ጠየቀው። እረኛ ነበርኩ፣ መሬት ላይ እተኛ ነበር፣ እዚህ ይሻለኛል አለ። ይህ ሰው ብዙ አሽከሮች የነበሩት የነገሥታት አባት ነበር፤ እርሱ ከዚያ ወደዚህ ወረደ፣ አንተ ከዚያ ወደዚህ ወጣህ አለው። ሽማግሌው ሰገደና ይቅርታ ጠይቆ ወጣ።

እዚህ ድረስ የነገርኩት ሸለቆውን ሁሉ የየዋሃን አገር ሊያስመስለው ይችላል። በ399 የሆነው ይህን ያፈርሳል። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቴዎፍሎስ በዓመታዊው የፋሲካ መልእክቱ፣ እግዚአብሔር አካለ ሥጋ እንደሌለው፣ እጅና ፊት ሲባል በምሳሌ እንደሆነ ጻፈ። ካስያን እንደሚነግረን መልእክቱ በአስቄጥስ ቤተ ክርስቲያኖች እንዲነበብ የፈቀደው ከካህናቱ አንዱ፣ ጳፍኑትዮስ ብቻ ነው። ሰራፕዮን የተባለ በተጋድሎው የታወቀ ሽማግሌ ከብዙ ክርክር በኋላ አመነ። ሊጸልይ ሲቆም ግን ዕድሜውን ሙሉ በልቡ ስሎ ሲያናግረው የኖረው ፊት ጠፋበት፤ አምላኬን ወሰዱብኝ እያለ መሬት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ሰራፕዮንን ለማላገጥ አልደፍርም። ሌሎቹ ግን እንደ እርሱ አላለቀሱም፤ ዱላ ይዘው እስክንድርያ ወረዱ። ቴዎፍሎስ በእነርሱ ውስጥ የእግዚአብሔርን ፊት እንዳየ ነግሮ አበረዳቸው፣ ከዚያም ዞሮ በ400 ሊቃውንቱን መነኮሳት በወታደር አሳደደ። አራቱ ረጃጅም ወንድማማቾች የሚባሉት ወደ ቁስጥንጥንያ ሸሹ፤ የከተማይቱ ሊቀ ጳጳስ ዮሐንስ አፈወርቅ ተቀበላቸው፤ በ403 ለተፈረደበት ፍርድና ለስደቱ ካበቁት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነበር። አለማወቅ በራሱ ሕፃንነት አይደለም። ዱላ የያዙት መነኮሳት መጠየቅ አልፈለጉም፤ አርሳንዮስ ግን ሊቅ ሳለ ጠየቀ።

በ407 የሊቢያ በረሃ ዘላኖች፣ ማዚክ የሚባሉት፣ አስቄጥስን ወረሩ። ሙሴ አስቀድሞ ዛሬ ይመጣሉ፣ ሽሹ ብሎ ወንድሞችን አስጠነቀቀ። አንተስ አትሸሽም ወይ ሲሉት፣ ይህን ቀን ስጠብቅ ኖሬያለሁ፤ ሰይፍ ያነሣ በሰይፍ እንዲጠፋ ተነግሯል አላቸው። አብረውት ከቀሩት አንዱ ገመድ ክምር ኋላ ተደበቀ፤ ሌሎቹ ከሙሴ ጋር ተገደሉ። ጳላድዮስ ሰማዕትነቱን አያነሣም፤ በ75 ዓመቱ ካህን ሆኖ፣ 70 ደቀ መዛሙርት ትቶ አስቄጥስ ውስጥ እንዳረፈ ብቻ ይጽፋል። እኛ ሰኔ 24 እናስበዋለን። ዮሐንስ ሐጺር ወደ ቀይ ባሕር ዳር ወደ ቁልዝም ሸሸ። ለምን ፈራህ ቢሉት ለራሴ አልፈራሁም፣ ገዳዬ በእኔ ምክንያት ኩነኔ እንዳይገባ ነው እንዳለ ይተረካል።

ሰባት ወንድማማቾች ሆነው የሸሹት እነ አኖብና ጴሜን ቴሬኑቲስ በተባለ ቦታ በፈረሰ የጣዖት ቤት ውስጥ ለጥቂት ቀን ተጠጉ። አኖብ በየማለዳው በቤቱ ውስጥ የቆመውን ሐውልት ፊቱን በድንጋይ ይወግራል፤ ማታ ማታ ይቅር በለኝ ይለዋል። ሳምንቱ ሲያልቅ ጴሜን ይህ ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀ። ፊቱን ስወግረው ተቆጣ ወይ? ይቅርታ ስለምነውስ ኮራ ወይ? አለ አኖብ። አብረን እንኑር ካልን እንደዚህ ሐውልት እንሁን፣ ካልሆነ ግን በሮቹ አራት ናቸው፣ ሁሉም ወደሚሻው ይሂድ አላቸው። አብረው ቀሩ። የአባቶችን ቃል ሰብስበው ለትውልድ ካሸጋገሩት ሰዎች ዋናዎቹ በጴሜን ዙሪያ የነበሩት እንደሆኑ ብዙ ተመራማሪዎች ይስማማሉ፤ ከዚያ ነው በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ በግዕዝም ለእኛ የደረሰን።

አርሳንዮስ ከሁሉም በላይ ኖረ። በ434 አካባቢ ሸለቆው እንደገና ሲወረር እያለቀሰ ወጣ፤ ዓለም ሮምን አጣች፣ መነኮሳትም አስቄጥስን አጡ አለ። በሜምፊስ አጠገብ ጥሮአ በተባለች ቦታ ዐሥር ዓመት፣ በቃኖጶስ ሦስት ዓመት ቆይቶ ወደ ጥሮአ ተመለሰ። ደቀ መዝሙሩ ዳንኤል እንደሚያስታውሰው ረጅም ሆኖ በእርጅና የጎበጠ፣ ጺሙ እስከ ወገቡ የወረደ፣ ከልቅሶ ብዛት የዐይኑ ሽፋሽፍት የረገፈ ሽማግሌ ነበር። ሞቱ ሲቀርብ ደቀ መዛሙርቱ እንዴት እንደምንቀብርህ አናውቅም ቢሉት፣ እግሬን በገመድ አስራችሁ ወደ ተራራው መጎተት አታውቁምን አላቸው። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ። አንተም ትፈራለህ ወይ አባታችን አሉት። ከመነኮስኩበት ቀን ጀምሮ ይህ ፍርሃት ተለይቶኝ አያውቅም አለ። በ449 ገደማ አረፈ፤ ዳንኤል ዕድሜውን 95 ይለዋል። የነገሥታት መምህር የተወው ንብረት የቆዳ ልብስ፣ ነጭ የጠጉር ቀሚስና የሰሌን ጫማ ነበር። ዳንኤል እነዚህን ወስዶ ለበሳቸው።